«ማን በደለ?» ለተባለች እናት

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአዘዞ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ስድስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ። ምጤ ሁለት ቀን ፈጀ። ሲወለድ አላለቀሰም። እስካሁን ብቻውን አይቀመጥም፣ አይሄድም፣ አይናገርም። ሐኪሞቹ ሴሬብራል ፓልሲ ነው አሉኝ። አማቴ ግን ‹በዘርሽ ያለ እርግማን ነው፤ ማን እንደበደለ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ንስሐ ግቢ› ይሉኛል። የጽዋ ማኅበር እህቴ ደግሞ ‹እግዚአብሔር ከባድ ሸክም የሚሰጠው ለሚችል ትከሻ ነው፤ መርጦሽ ነው› ትለኛለች። ደግ ሰው ናት። ግን እሷ ከሄደች በኋላ የባሰ አለቅሳለሁ። ጠበል ሁለት ዓመት አመላልሼዋለሁ። እምነቴ እንዳይጎድል ብዬ ፊዚዮቴራፒውን አቋረጥኩ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ አስተኛዋለሁ። ጥምቀት ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ ሥራ ውሎ ይመጣል፣ ዝም ብሎ ይበላል፣ ይተኛል። ልጄ ከበሮ ሲሰማ ይስቃል። ሌላ ጊዜ ብዙም አይስቅም። እግዚአብሔር በዚህ ልጅ ምን ፈልጎ ነው? ዓላማው ምንድን ነው? እባክሽ የመሰለሽን ሳትደብቂ ንገሪኝ።»

እታለም፣

ደብዳቤሽን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ስዞር ሰነበትኩ። ባጃጅ ውስጥ አነበብኩት። ማታም አነበብኩት። የዘገየሁት ቸል ብዬ አይደለም። የጠየቅሽኝን እኔም ለራሴ ብዙ ዓመት ስጠይቀው ስለኖርኩ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሚጽፍልሽ እወቂ። ቀኝ እግሬን በሕፃንነቴ ልምሻ መትቶኛል። ያደግኩት እዚሁ ጎንደር ነው፤ ዳገቱን በክራንች እየወጣሁ፣ ቁልቁለቱን በክራንች እየወረድኩ። አሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አንድ ቀን በአንድ ደብር ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እናቴን እጠብቃለሁ። ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ክራንቼን አጠገቤ አጋድሜ። አንዲት ሴትዮ ሲያልፉ ጭኔ ላይ ሳንቲም ጣል አደረጉና «እግዜር ይማርሽ» ብለውኝ ሄዱ። እኔ ላስቀድስ ነበር የመጣሁት። ፊቴ ሲነድ ይሰማኛል። እናቴ ወጥታ ሳንቲሙን እጄ ላይ አየችው። ምንም አላለችኝም። ከመቀነቷ ፈትታ ሌላ ሳንቲም ጨመረችበትና ሙዳየ ምጽዋቱ ድረስ ወስዳ እኔው በእጄ እንድጥለው አደረገች።

እኚያ ሴትዮ ክፉ አልነበሩም። ስንት ጊዜ አስቤያቸዋለሁ መሰለሽ። ያጠፉት አንድ ነገር ብቻ ነው። እኔን ሲያዩኝ ለምን እንደተፈጠርኩ የሚያውቁ መሰላቸው። እሳቸው እንዲጸድቁብኝ።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አማትሽም የጽዋ እህትሽም፣ አንዷ በክፉ፣ አንዷ በደግ፣ ልጅሽን የሌላ ሰው ታሪክ አድርገውታል። ለአማትሽ የአንቺ ኃጢአት ማስረጃ ነው። ለእህትሽ የአንቺ ጥንካሬ መፈተኛ ነው። ሁለቱም ጋ ልጁ ራሱ የለም። ከሁለቱም በኋላ የምታለቅሺው ለዚህ ይመስለኛል።

አማትሽ የጠየቁት ጥያቄ አዲስ አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ቃል በቃል ለማለት ይቻላል ይህንኑ ጠይቀዋል። ኃጢአት የሠራ ማን ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ? ጌታ ከሁለቱ አንዱን አልመረጠም። እርሱም ወላጆቹም አልሠሩም አለ። ይህ ተረት አይደለም፣ የእኔም አስተያየት አይደለም፤ ወንጌል ነው። አማትሽ ለቤተ ክርስቲያን ቅርብ ሰው ከሆኑ ጠብ ሳታነሺ የነፍስ አባታችሁ ባሉበት ምዕራፉ ይነበብላቸው። ንስሐ ሁላችንም እንገባለን። አንቺም ግቢ፣ እኔም ልግባ። ለልጅሽ እግር ብለሽ ግን አትግቢ። ያንን ዕዳ ማንም አልጻፈብሽም።

ሐኪሞቹ የነገሩሽንም እናትነትሽ እንዲሰማው ልድገመው። ሴሬብራል ፓልሲ ማለት ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል በእርግዝና፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በሕፃንነት ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ያለ ጊዜው መወለድ፣ ከባድ የሕፃናት ቢጫ በሽታ፣ የማጅራት ገትር፣ በምጥ ላይ የኦክስጅን መቋረጥ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። በልጅሽ ላይ የትኛው እንደሆነ ሐኪሙ ይንገርሽ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን አንቺ ሁለት ቀን ያማጥሽ ሴት ነሽ። ሁለት ቀን ለሕይወቱ ታግለሽ በደለኛ ተባልሽ። ይህን ሳስብ ያናድደኛል።

ወደ ወንጌሉ ልመለስ፤ አልጨረስኩትም። ጌታ ቀጥሎ «የእግዚአብሔር ሥራ በእርሱ ሊገለጥ ነው» ይላል። አንቺም ዓላማው ምንድን ነው ስትዪኝ ይህን ቃል እያሰብሽ ይመስለኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህ ቃል ለብዙ ዓመት ከብዶኝ ኖሯል። ሥራው በእኔ እግር ካልተገለጠ ምን ቀረኝ እል ነበር። ጠበል ተጠምቄያለሁ፣ ተስያለሁ። እግሬ እንደዚያው ነው።

በኋላ ምዕራፉን ሰው ሳይነግረኝ ራሴ ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ዓይኑ የበራው ገና በሰባተኛው ቁጥር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሠላሳ አራት ቁጥር አለ። በእነዚያ ቁጥሮች ውስጥ ምን አለ መሰለሽ? ጎረቤቶቹ ሰውየውን መለየት ያቅታቸዋል። ሲለምን ስንት ዓመት አይተውት «እርሱ ነው»፣ «የለም፣ ይመስለዋል» ይባባላሉ። ልመናውን ነበር የሚያዩት፣ ፊቱን አይደለም። እርሱ ግን «እኔ ነኝ» ይላል። ፈሪሳውያን ፊት ቆሞ ይከራከራል። ወላጆቹ ሲጠየቁ ከምኩራብ እንዳይባረሩ ፈርተው «እርሱን ጠይቁት፤ ሙሉ ሰው ነው፤ ስለ ራሱ ይናገራል» ይላሉ። ዕድሜው ደርሷል ማለታቸው ነው። ግን እኔ ያን ቀን ያነበብኩት «ሙሉ ሰው ነው» የሚለውን ነው። ጎዶሎ ስባል ያደግኩ ልጅ ነኝ። መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

ስለዚህ ለጥያቄሽ ያለኝ መልስ ይህ ነው። ልጅሽ የተጎዳበትን ምክንያት እግዚአብሔር በጆሮሽ ላይነግርሽ ይችላል። ኢዮብም አልተነገረውም። በመጽሐፉ መጀመሪያ በሰማይ የሆነውን እኛ አንባቢዎቹ እናውቃለን፤ ኢዮብ ግን እስከ መጨረሻው አላወቀም። የልጅሽ ሕይወት ዓላማ ግን ከጉዳቱ ጀርባ የተደበቀ እንቆቅልሽ አይደለም። እኔ ባምንበት፣ ልጅሽ የተፈጠረው እንደ አንቺና እንደ እኔ ነው፤ እንዲወደድ፣ እንዲወድ፣ ፈጣሪውን በራሱ ቋንቋ እንዲያመሰግን። ለእኛ ትምህርት እንዲሆን አይደለም። ከበሮ ሲሰማ ይስቃል ያልሽኝን አንቺ እንደ ቀላል ነገር ጻፍሽው። እኔ ከደብዳቤሽ ሁሉ እዚያ ጋ ነው ረጅም ሰዓት የቆየሁት።

አንዲት ሙስሊም ጎረቤት አለችኝ፤ ይህን ስንጫወት ከእነሱ በኩል ያለውን ነገረችኝ። ነቢዩ ሙሐመድ ከቁረይሽ ታላላቅ ሰዎች ጋር ሲነጋገሩ አንድ ዓይነ ስውር ሊጠይቃቸው መጣ። ፊታቸውን አጨፍግገው ዞር አሉ። በዚያ ላይ ወቀሳ ወረደ፤ በቁርኣን 80ኛው ሱራ፣ ዐበሰ ላይ አለ። ያ ሰው በኋላ ከኛው ከሐበሻው ቢላል ጋር አዛን ከሚያሰሙት አንዱ ሆነ። «ሊማር የመጣ ሰው ነበር እኮ፣ ሊታዘንለት አልነበረም» አለችኝ ቡናውን እየቀዳች።

የጽዋ እህትሽን አትቀየሚያት። «ለሚችል ትከሻ ነው» የሚለውን ግን እንደ መጽሐፍ ቃል አትያዢው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ መጀመሪያ ላይ በእስያ የደረሰባቸው መከራ ከዐቅማቸው በላይ እንደነበር፣ በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ እስከ መቁረጥ እንደደረሱ ጽፏል። ጳውሎስ ከዐቅሜ በላይ ሆነ ካለ አንቺም ማለት ትችያለሽ። ለእግዚአብሔርም በዚያው ቃል ንገሪው። ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ረግሟል። ወዳጆቹ ግን ለእግዚአብሔር ጠበቃ የቆሙ መስሏቸው «ሳትበድል አልቀረህም» እያሉ አደረቁት። በመጨረሻ ቅን ነገር አልተናገራችሁም የተባሉት እነሱ ናቸው። እነዚያ ወዳጆች አንድ ጥሩ ነገር ሠርተው ነበር። መጀመሪያ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

እህትሽንም ይህንኑ ለምኛት። «ቃል አልፈልግም፤ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት መጥተሽ አብረሽው ተቀመጪልኝ፤ እኔ ልተኛ ወይ ገበያ ልውጣ» በያት። ደግ ናት ብለሽኛል። ትመጣለች። መጻጉዕን በየዓመቱ በዐቢይ ጾም አራተኛ ሳምንት እናስበዋለን። 38 ዓመት አልጋው ላይ የነበረው ሰው ጌታ ሲጠይቀው መጀመሪያ የነገረው ስለ በሽታው አልነበረም። «ሰው የለኝም» ነው ያለው። አንቺም ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው የለሽም።

አሁን ወደ ፊዚዮቴራፒው። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገርሻለሁ፣ አትቀየሚኝ። ተመለሺ። ይህን ሳምንት ተመለሺ።

እምነቴ እንዳይጎድል ብለሽ ነው ያቋረጥሽው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ክፈቺ። ሐኪምን አክብረው፣ የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እርሱ ነው፤ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ይህ ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍታችን አንዱ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ጠበሉን ተዪ አልልሽም። እኔም እጠጣለሁ። ግን አንዱን ለሌላው መሥዋዕት አታድርጊ። ልጅሽ የሚጥል ሕመም ኖሮት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት አታቋርጪበት፤ አደገኛ ነው።

ሌላው ምክንያት ጊዜ ነው። የአንጎሉ ጉዳት ራሱ እየባሰ የሚሄድ ዓይነት አይደለም። ጡንቻው ግን ካልተፍታታ እያጠረ ይሄዳል። ጉልበቱ፣ ቁርጭምጭሚቱ፣ ዳሌው እንደታጠፈ ይደርቃል። ያኔ ልብስ ማልበሱ፣ ማጠቡ፣ ማቀፉ ሁሉ ለእሱም ለአንቺም ሕመም ይሆናል። ፊዚዮቴራፒ አይፈውሰውም፤ ይፈውሰዋል የሚልሽ ካለ አትመኚው። የሚሠራው ይህን ድርቀት መከላከል፣ አቀማመጡን ማስተካከል፣ ሲችል ደግሞ ትንሽ ትንሽ አዲስ ነገር ማስቻል ነው። እንዴት እንደምታፍታቺው ባለሙያው ያሳይሽና በየቀኑ ቤትሽ ሥሪለት። ከበሮ ያለበት መዝሙር ክፈቺለት፤ ሰውነቱ በሳቅ ሲላላ አብረሽው ትሠሪያለሽ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ፕሮግራም አለው። ሠራተኞቹ ቤት ድረስ ሄደው እንዲህ ያሉ ልጆችን ይከታተላሉ። ሆስፒታሉ ስትሄጂ «ሲቢአር» ብለሽ ጠይቂ።

አመጋገቡንም ተመልከቺ። በጀርባው አስተኝተሽ አታጉርሺው። ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ቀና ብሎ፣ አንገቱ ተደግፎ፣ በትንሽ በትንሹ ይጉረስ። ለዚህ ወንበር ያስፈልገዋል። ውድ ነገር አይደለም። ባለሙያው ልኩን ይስጥሽና አናጺ ይሥራው። ጎንና ጎኑ ደገፍ ያለው፣ እግሩ የሚያርፍበት፣ ከፊቱ ጠፍጣፋ እንጨት ያለው።

ወንበሩ ሲሠራ መሶቡ አጠገብ አድርጊው እንጂ ጓዳ አታስገቢው። የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ አምስት ዓመቱ ሳለ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ ሁለት እግሩ ሽባ ሆነ። ዳዊት አስፈልጎ አስመጣው፤ ከገበታዬ ትበላለህ አለው። የሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 9 ሲያልቅ ሁልጊዜ ከንጉሥ ገበታ ይበላ ነበር ይልና ወዲያው ሁለት እግሩም ሽባ ነበረ ይላል። አልተፈወሰም። ገበታው ላይ ግን አለ። እንግዶችሽ ሲመጡ ልጅሽ ከእናንተ ጋር ይቀመጥ። አንዳንዱ ያፈጣል። አንዳንዱ «ወይኔ» ይላል። ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላ ይለምዱታል። አንቺም ትለምጃለሽ።

መናገር አለመቻሉን አለማወቅ አድርገሽ እንዳትቆጥሪው አደራ። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ አፋቸው እምቢ ይላቸዋል እንጂ የሚባለውን ይሰማሉ፣ ያውቃሉ። አማትሽ እርግማን ሲሉ እሱም አለ። ትምህርት ቤትም እየደረሰ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ መማር መብቱ ነው። ይህን ለብቻው ሌላ ቀን እንጨዋወተዋለን።

ስለ ባለቤትሽ ብዙ አልልም። ዝምታው ጥላቻ ነው ብለሽ አትደምድሚ። አባቴም እንደዚያ ነበር። እናቴ ነች አንድ ቀን የእግሬን ማሰሪያ እጁ ላይ አስቀምጣ «ዛሬ አንተ እሰርላት» ብላው የወጣችው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እሱ ሆነ የሚያስርልኝ። አንቺም ማታ ማታ እግሩን የማፍታቱን ሥራ ለእሱ ስጪው። ባለሙያው ዘንድ አብራችሁ ሂዱ።

ጥምቀትን ልንገርሽና ላብቃ። በአንዴ ፋሲል መዋኛ ጥር 11 ንጋት ላይ፣ በዚያ ግፊያ ውስጥ ይዘሽው ግቢ አልልሽም። ጥር 10 ከተራ ዕለት ታቦታቱ ሲወርዱ መንገድ ዳር ቦታ ያዢ። ባልሽ ይቀፈው፣ እህትሽ አጠገብሽ ትቁም። ከበሮው ከሩቅ ጀምሮ ይሰማዋል።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሰው ባልበዛበት ቀን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውሰጂው። ጣራው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች እናውቃቸዋለን፤ እኛ አንገታችን እስኪያመን ቀና ብለን ነው የምናያቸው። እሱ እቅፍሽ ውስጥ ተንጋሎ በቀጥታ ያያቸዋል። እነሱም ያዩታል።

አንድ ነገር ቀረሽ። በዚያ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ የልጅሽን ስም አልጻፍሽልኝም። በሚቀጥለው የክርስትና ስሙን ላኪልኝ፤ በጸሎት ላስበው። የአንቺንም ጨምሪበት።